ስለ ሚካል በሬድዮ የተወራው

ኪሱሙ
ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2012

ለእህቴ ልጅ ለኔሪያ፤

እንደምን ሰንብተሻል? በዚያ ብርድ አገር ያስቀመጠሽ ጌታ ደረትሽንም ልብሽንም ያሙቅልሽ። እኛ ደኅና ነን። ዝናቡ ዘግይቶ ሐይቁ ሸሽቷል፣ የእኔም ጉልበት ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል፤ ከዚህ ሌላ ክፉ ወሬ የለም።

ኢሜይል ላይ ቀንና ቦታ አይጻፍም ብለሽ እንደሳቅሽብኝ አልረሳሁም። ዕድሜዬን በሙሉ የሰውን ልጅ ደብዳቤ አጻጻፍ ሳስተምር ኖሬ፣ ጡረታ ወጣሁ ብዬ ደንብ አላፈርስም። ከፈለግሽ ሳቂ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ያ የጦማሪዎች ማኅበርሽ ከምታስቢው በላይ ቤት ሆኗል። «ሲዊንዴ» ስትዪው፣ ልጃገረዶች ከአያታቸው ጋር እያደሩ ተረት የሚሰሙበትን ጎጆ ስም ለኢንተርኔት መስጠት ምን የሚሉት ቅብጠት ነው ብዬ ነበር። ቃሌን አንስቻለሁ። ያወጣሽውን ደንብ ሁሉም ይዞታል። የራሱን ከመለጠፉ በፊት የሌላውን ያነባል፤ «ግሩም ነው» ብሎ አያልፍም፣ ልቡን የነካውን ለይቶ ይናገራል። ባለፈው ሳምንት አንድ የማናውቀው ሰው ፀጉር ሠሪዋን ፕሪስካን ፊደል አጻጻፏን እያነሳ ሲያዋርዳት፣ ያ የማታቱ ታክሲ ረዳት ኦኩምባ ምን ብሎ መለሰለት መሰለሽ? «ወንድሜ፣ አንተ ፊደል አለህ፣ እሷ ደግሞ የምትለው ነገር አላት። ፌርማታህ ደርሷል፣ ውረድ!» ብቻዬን ቤት ውስጥ እንደ እብድ ሳቅኩ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

«ከወንዙ ማዶ» በሚል ስም የምትጽፈውን ታውቂያታለሽ። እውነተኛ ስሟ ሚካል ነው፤ ስሟን ለማንም አታንሺ። ሶንዱ ወንዝ ዳር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ልጅ ናት። የባሏ ወንድም ኦንዲጎ በወጉ መሠረት ልውረስሽ ሲላት እምቢ አለች። ከዚያ ወዲህ ቤቷ ገብቶ እህል የሚቀምስ ጠፋ፤ ያልተወረሰች ሴት ቤት ይበላል እንዴ እያሉ። «ድስቴ ትልቅ ነው፣ የሚጎርስ አጣሁ» ያለችውን አንብበሻል። እኔም በጊዜዬ እምቢ ያልኩ ሴት መሆኔን ከጦማሬ አይታ ነው ለብቻዬ የጻፈችልኝ። ስልኳን በቆሎ ልታስፈጭ ስትሄድ ወፍጮ ቤት ትሰካዋለች። ኔትወርክ የሚገኘው ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ልጇን አዝላ እዚያ ተቀምጣ ነው በአውራ ጣቷ የምትጽፍልን። ስትፈራ «ጻፊ፣ እኛ ከኋላሽ ነን» ያልኳት እኔ ነኝ። አንቺስ ብትሆኚ ምን ትያት ነበር?

ስንት ሰው እንደሚያነበን ንገሪኝ። ኦኩምባ ጉድ ነው የሚያወራው፣ እኔ ግን አላመንኩትም።

መንገድሽን ሁሉ ያቅናልሽ።
አክስትሽ ሮዝሊዳ


አበርዲን
ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2012

ለማከብርዎ አክስቴ ለሮዝሊዳ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎን ይሹት እንጂ ከደረጃ ጋር አይጣሉ። እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ መጦሪያ ቤት ውስጥ የሰው እናቶችን አጥባለሁ፣ አበጥራለሁ፣ አጎርሳለሁ። «አንቺ ልጅ እጅሽ ደግ ነው» ሲሉኝ የራሴ እናት ስትታመም ማን እንዳጠባት ትዝ ይለኛል። እርስዎ ነዎት። ሲዊንዴን የከፈትኩት ለዚህ ይመስለኛል፤ ቢያንስ በወሬ እቤት ልሁን ብዬ።

የምሥራች አለኝ! በቋንቋችን የሚያሰራጨው ሬድዮ ጣቢያ ስለ ሲዊንዴ ሰምቶ በሚቀጥለው ቅዳሜ በስልክ ሊያነጋግረኝ ነው። የእናቴ አገር ሰው ሁሉ ድምፄን ሊሰማ! ከአሁኑ መስተዋት ፊት እየተለማመድኩ ነው። የማንንም ስም አልጠራም፣ ሐሳብ አይግባዎት። ግን አንዲት ሴት በምን ችግር ውስጥ ሆና እንደምትጽፍ ሳልናገር ብወጣ ማን ይገባዋል?

የሚያነበን ሰው ኦኩምባ ከሚያወራው ያንሳል፣ እርስዎ ከሚገምቱት ይበልጣል።

ቅዳሜ ሬድዮዎን ይክፈቱልኝ።
ልጅዎ ኔሪያ


ኪሱሙ
ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2012

ለኔሪያ፤

ጤና ይስጥልኝ፣ ሰላምሽ ይብዛ።

ሰማሁሽ። ገበያ ነበርኩ። ዓሣ ሻጮቹ ሬድዮውን ከፍ አድርገውት፣ «ይቺ የሮዝሊዳ እህት ልጅ ናት» ስላቸው ዓሣ መረቁልኝ። ቋንቋሽ አልዛገም። እናትሽ ብትሰማሽ ኖሮ ነጠላ ጫማዋን ጥላ ትሮጥ ነበር።

ስለ ወፍጮ ቤቱና ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ስትናገሪ ዓሣ ሻጮቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷማ «ምስኪን፣ የት ይሆን ያለችው?» አለች። ሌላዋ ደግሞ «ደረጃ ያለው ቤተ ክርስቲያን እኮ ብዙ አይደለም» አለቻት።

ሚካል ከቅዳሜ ወዲህ አልጻፈችም። ባትሪ አጥታ ይሆናል።

ፕሮግራሙ ይደገማል እንዴ?

ሮዝሊዳ


አበርዲን
ማርች 3 ቀን 2012

ለማከብርዎ አክስቴ፤

እንደምን አሉ? ስለ ፕሮግራሙ ለጠየቁኝ፣ ረቡዕ ተደግሟል። ሳይደገም በፊት ለጋዜጠኛው ደውዬ ያቺን ክፍል ቁረጥልኝ ብዬ ለመንኩት። «እህት፣ ምርጧን ክፍል?» ብሎ ሳቀ።

ስሟን አልጠራሁም። መንደሯንም አልጠራሁም። ደጋግሜ አዳመጥኩት፣ አልጠራሁም።

ሚካል ደኅና ናት? እባክዎ ደውለው ይንገሩኝ።

ኔሪያ


አበርዲን
ማርች 20 ቀን 2012

አክስቴ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። መልስ አልሰጡኝም። ጉልበትዎ ብሶ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፤ ግን ለፕሪስካ ጦማር አስተያየት ሲጽፉ አይቻለሁ። ሰዉ ለሬድዮው እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል፤ አንድ ጋዜጣም ሊያነጋግረኝ ጠይቋል። እስካሁን አልመለስኩላቸውም። ክፉም ቢሆን ይንገሩኝ። ምንም አይደብቁኝ።

ኔሪያ


ኪሱሙ
ኤፕሪል 2 ቀን 2012

ለእህቴ ልጅ ለኔሪያ፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ለእኔም እንዲሁ።

የዘገየሁት ንዴቴ እስኪበርድ ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም አጠፋሁት፤ በአንቺ ላይ የጻፍኩት ስድብ ሁሉ ተመልሶ ወደ እኔ ይመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሬድዮ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። አንቺ ስትናገሪ ሚካል ራሷ በቆሎዋን ይዛ ወረፋ ላይ ነበረች። ስልኳም ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ነበር። ባለ ወፍጮው ሞተሩን አጥፍቶ ዞረና «አንቺ ሚካል፣ ይቺ ሴትዮ የምታወራው ስለ አንቺ አይደለም እንዴ?» አላት። ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ፣ ከዚያ ወደ ስልኩ አየ። ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፣ በቆሎዋን ሳታስፈጭ ወጣች።

ኦንዲጎ በማግሥቱ ሰማ። ገበያ ካለው ኮምፒውተር ቤት የጻፈችውን ሁሉ አሳተመና ዘመድ ተሰብስቦ ባለበት አንድ ተማሪ እንዲያነበው አደረገ። ስለ ድስቷ ያለው ላይ ሲደርስ «የሚጎርስ አጣሁ አለች! እንግዲህ ማን ይጉረስላት?» እያሉ ተንከተከቱ። ስለ ባሏ አሟሟት፣ ሌሊት ሌሊት ስለምታለቅሰው፣ ስለ ኦንዲጎ እጅ የጻፈችውም ሳይቀር ተነበበ። ከዚያ «የወንድሜ ቤት ነው» ብሎ የጣሪያዋን ቆርቆሮ አስነቀለ። ከብቶቹን በቆሎዋ ላይ ለቀቀ።

ሲዊንዴ ላይ ወሬው ሲሰማ ከመቶ በላይ ሰው «አይዞሽ» ብሎ ጻፈላት። «ከጎንሽ ነን»፣ «አንቺ ጀግና ነሽ»፣ ልብ፣ እጅ፣ አበባ። እኔም ጽፌያለሁ። አይዞሽ ስንላት ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ እሷም ያን ሁሉ ያነበበችው ላስቲክ ለብሳ ነው።

አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ። ቤቷ አፉን ለሰማይ ከፍቶ አገኘሁት። ቅር እንዳላት ሰው አላየችኝም። በርጩማ አቀረበችልኝ፣ ዝናብ የነካውን ጎን ወደ ራሷ አዙራ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«መምህርት፣ ያቺ ልጅ በሕይወቷ አይታኝ አታውቅም። ወፍጮ ቤቱን ማን ነገራት?»

ኔሪያ፣ «እኔ ነኝ» አላልኳትም። ልጁን አቅፌ «እንዴት አድጓል» አልኩ። ይኸውልሽ፣ ይህን ያህል ናት አክስትሽ።

ሮዝሊዳ


አበርዲን
ኤፕሪል 3 ቀን 2012

ለማከብርዎ፣ ለምወድዎ አክስቴ፤

ሰላምታ ለመጻፍም አፈርኩ። ግን ካልጻፍኩ ይቀየሙኛል፤ ጌታ ጤናዎን ይስጥዎ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሥራ ላይ ነው። አንዲት አሮጊት ሾርባ እያጎረስኩ ስልኬን አየሁ። ቆይተው «ልጄ፣ አገጬን ነው እኮ የምታበዪው» አሉኝ። አንገታቸው ድረስ ፈሶ ነበር። ይቅርታ እያልኩ ስጠርግላቸው፣ ይቅርታው ለእሳቸው ይሁን ለሚካል አላውቅም።

ስሟን አልጠራሁም እያልኩ ስንት ቀን ራሴን አባበልኩ። ስሟን ለመጥራት አፌ ቢከፈት እኮ ቢያንስ ደንግጬ እዘጋው ነበር። ወፍጮ ቤቱን ስናገር ግን ደስ እያለኝ ነበር። ጋዜጠኛው «ወይ ጉድ!» ሲል ሰማሁና ደረጃውን ጨመርኩለት። ልጇን አዝላ ማለቴንስ! እሱ ሳይጠይቀኝ ነው የጨመርኩት።

ረጅም የይቅርታ ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። በሲዊንዴ ፊት ገጽ ላይ፣ በስሜ፣ ሁሉም እንዲያነበው። ምን እንዳደረግኩ አንድም ሳልደብቅ ጽፌዋለሁ። አያይዤ ልኬልዎታለሁ፤ አንብበው ይፍቀዱልኝና ልለጥፈው። ሳልለጥፈው እንቅልፍ አይወስደኝም።

ደግሞ አንድ ነገር ልለምንዎ። ማን ነገራት ብላ ደግማ ከጠየቀችዎ፣ «ራሷ ከጽሑፍሽ ገምታ ነው» ይበሏት። ለእሷ የቀሯት እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎንም አልንጠቃት።

ኔሪያ


ኪሱሙ
ሜይ 6 ቀን 2012

ለእህቴ ልጅ ለኔሪያ፤

ልብሽን የሚያውቅ አምላክ ዕረፍት ይስጥሽ። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ያኮረፈው ሳያንስ ወገቤ ተከትሎታል፤ ምክንያቱን ትሰሚያለሽ።

መጀመሪያ ስለ ጽሑፍሽ። ያማረ ነው፤ አነበብኩላት። በቆሎ እየፈለፈለች እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «አንድ ጊዜ ተናግራብኛለች፣ ይበቃል። እሷ ይቅርታ ስትጠይቅ እኔ ሁለተኛ እነበባለሁ» አለች። ስለዚህ አትለጥፊው። አውቃለሁ፣ ከባድ ነው። እኔና አንቺ ነገር ሲከብደን መጻፍ ነው የለመድነው።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። ከዚያ ሁሉ አይዞሽ ባይ መካከል ኦኩምባ ብድግ ብሎ ሲዊንዴ ላይ እንዲህ ጻፈ፤ «ከጎንሽ ነን ያላችሁ ሁሉ፣ ጎኗ ሶንዱ ነው። እሁድ ጠዋት ማታቱ አለኝ። የሚሳፈር?» አብዛኛው ሰው ድምፁን አጠፋ። ስምንት ሆነን ተሳፈርን። አዋጥተን የገዛነውን አዲስ ቆርቆሮ መኪናው ጣሪያ ላይ አሰሩት። ፕሪስካ ምስማሩን በፀጉር መሥሪያ ቦርሳዋ ይዛ መጣች፤ «ዛሬ ቤት ነው የምሠራው» እያለች መንገዱን በሙሉ ስታስቀን ዋለች። ኦኩምባ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሲመታ፣ ኦንዲጎ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ «ማን ፈቀደላችሁ?» ይላል። «ዕቃ ነው የምናወርደው አባቴ፣ ተሳፋሪ ከሆንክ ጠብቅ!» ይለዋል ኦኩምባ።

ጣሪያው ካለቀ በኋላ ሚካል የምታደርገው ጠፋት። አየኋት፤ ሂዱ ማለትም ግቡ ማለትም አቅቷት በር ላይ ቆመች። ፕሪስካ ናት ገፋ አድርጋት አልፋ የገባችው። «ሴትዮ፣ ራበኝ እኮ፣ ዝም ብለሽ ታይኛለሽ?» አለቻት። ያን ጊዜ ሮጠች። የበቆሎ ገንፎ፣ ኡጋሊ አገነፋች፣ ኦሜና ጠበሰች፤ ትንንሾቹ ዓሦች ሲንጣጡ ሽታው እስከ ወንዙ ሄደ። ወለሉ ላይ ተቀምጠን በላን። ጎረቤቶቹ በአጥር ቀዳዳ ያያሉ። እሷ አልበላችም። በሩ ጋ ተደግፋ እጃችን ከሳሕን ወደ አፍ ሲሄድ ታይ ነበር።

በሳምንቱ የመንደሩ ሹም ዘንድ ጉዳዩ ቀረበ። አብረናት ሄድን። ኦንዲጎ በሰው ፊት «አንቺ ማን አለሽና ነው እንዲህ የምትኮሪው?» አላት። ልጇን እንዳዘለች ተነሳች። በጣቷ እያሳየች ጠራችን። «ይሄ ኦኩምባ ነው፤ ጣሪያዬ ላይ የወጣው። ይቺ ፕሪስካ ናት፤ ቤቴ ገብታ የበላች። እኚህ መምህርት ሮዝሊዳ ናቸው፤ ጻፊ ያሉኝ።» ስምንታችንንም ጠራች።

ስምሽን ጠበቅኩ። አልጠራችውም። ምንም አይደብቁኝ ስላልሽኝ ነው የምነግርሽ።

ሹሙ ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ ቤቱም እርሻውም የእሷና የልጇ ነው አለ። ኦንዲጎ ቆርቆሮዎቹን እንዲመልስ ታዘዘ፤ አጣሞ መለሳቸው። ለዶሮ ቤት ይሆናሉ። ሰዉ አጨበጨበልን። እኔ ግን የእኔ ስም በምስጋና ሲጠራ ፊቴ እንደ ምጣድ ጋለ። የአንቺን ውሸት በአፌ ይዤው ነበር የሄድኩት፣ እንድነግራት የለመንሽኝን። አልሆነልኝም።

ወደ ቤቷ ስንመለስ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀረት አደረግኳትና «ሚካል፣ ወፍጮ ቤቱንና ደረጃውን ለኔሪያ የጻፍኩላት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ስትጠይቂኝ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት» አልኳት።

ቆመች። ልጇን ያዘለችበትን ጨርቅ ፈታች። ትታኝ ልትሄድ ነው ብዬ መንገዱን ለቀቅኩላት። እሷ ግን ልጁን አምጥታ ጀርባዬ ላይ አሰረችው። «ይያዙልኝ መምህርት። ወገቤን አሞኛል» አለችና ቀድማኝ ሄደች። እስከ ወንዙ ድረስ አዝዬው ተከተልኳት። ይቅር ብላኝ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ልጁ ግን ከባድ ነው።

ስንለያይ «ለኔሪያስ ምን ልበላት?» አልኳት።

«ምንም አይበሏት» አለችኝ። «ስልኬን ይስጧት። ስለ እኔ ስታወራ ሰምቻታለሁ። እስቲ ደግሞ ከእኔ ጋር ታውራ።»

ቁጥሩን ከታች ጽፌልሻለሁ።

ሰላም ያድርግሽ።
አክስትሽ ሮዝሊዳ


አበርዲን
ሜይ 21 ቀን 2012

ለማከብርዎ አክስቴ፤

እርስዎም ወገብዎም በደኅና ይክረሙልኝ።

ቁጥሩን ይዤ ሁለት ሳምንት ዞርኩ። ጠዋት ሲሆን ሥራ ላይ ናት እላለሁ፣ ማታ ሲሆን ልጁን ታስተኛለች እላለሁ። ለጋዜጣው አልችልም ብዬ መለስኩላቸው። የሲዊንዴን ቁልፍ ለፕሪስካ ሰጠሁ፤ ገጹን ከእንግዲህ እሷ ትጠብቀዋለች። «ፊደሌን ማን ያርምልኛል?» ብትለኝ፣ ማንም አያርምሽ አልኳት። የይቅርታ ጽሑፌንም አጠፋሁት። ሳጠፋው ግን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ አንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አሳዘነኝ። እንደዚህ ያለች ሰው ነኝ።

ትናንት ከሰዓት ደወልኩላት።

«ሃሎ» አለች። ስሜን ተናገርኩ። ልጁ ሲነጫነጭ ይሰማኛል። ከዚያ «ቆይ፣ ልጁን ላስቀምጠው» ብላ ሄደች። በዚያው የቀረች መስሎኝ ነበር። ተመለሰች።

«እሺ፣ ተናገሪ» አለችኝ።

አክስቴ፣ ቃል አጣሁ። በሬድዮ ስለ እሷ ያን ያህል ሳወራ አንዴ እንኳ ምላሴ አልተያዘም። «ሚካል» ብቻ አልኩ፤ ስሟን። እሷ ጠበቀች። ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ዝናቡ አዲሱ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድም ይሰማኛል። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ለምን ደወልሽም አላለችም።

ካርዴ እስኪያልቅ ድረስ ስልኩን አልዘጋችውም።

እሁድ እንደገና እደውላለሁ።

ልጅዎ ኔሪያ